በራሱ የሚዞረው ስክሪን እና የአክስቴ መርዶ

ይህ የሆነው ዘንድሮ ነው፤ ኮሌጅ ገብቼ የመጀመሪያውን ሴሚስተር እንደጨረስኩ፣ ላስ ቬጋስ ውስጥ እንኳ ጃኬት በሚለበስበት ሰሞን። ወራት አልፈዋል። እኔ ግን ዛሬም ዓርብ ከሰዓት ክፍል ውስጥ አርፌ መቀመጥ ያቅተኛል። አክስቴን ለማስደሰት ብዬ የሠራሁት ትንሽ ነገር፣ ሰው ሁሉ ተጠንቅቆ የደበቀላትን ወሬ ቀድሞ ስለነገራት ነው።

የምኖረው ከአክስቴ ከወይንሸት ጋር ነው፤ ሰንራይዝ ማነር በሚባለው ሰፈር ውስጥ በአንዲት ባለ ሁለት መኝታ አፓርታማ። አክስቴ የአባቴ ታላቅ እህት ናት። በደርግ ጊዜ በሱዳን በኩል ወጥታ እዚህ ከገባች ጀምሮ ስትሪፕ በሚባለው የቁማር ቤቶች ጎዳና ላይ ካሉት ካዚኖ ሆቴሎች በአንዱ ክፍል ታጸዳለች። ጠዋት ትወጣለች፣ ከሰዓት ትመለሳለች። ጓደኛዋ ሰናይት እዚያው ሆቴል ስለምትሠራ ሲሄዱም ሲመለሱም በሰናይት መኪና ነው።

እኔ ኮምፒውተር ሳይንስ ነው የምማረው። ሳሎናችን ጥግ ጠረጴዛ ላይ አንድ ያገለገለ ኮምፒውተር አለኝ፤ ሁለት ስክሪን ያለው። ዋናው ስክሪን ትንሽ ነው። ሁለተኛው ግን ትልቅ ነው፤ ማቆሚያው ስለሚዞር እንደ በር ማቆምም እንደ መስኮት ማጋደምም ይቻላል። ኮድ ሳነብ አቆመዋለሁ፤ ብዙ መስመር ይይዝልኛል። አክስቴ ቪዲዮ ልታይ ስትመጣ ደግሞ መጋደም አለበት።

ችግሩ፣ ስክሪኑን በእጅ ማዞር ብቻውን አይበቃም። ለኮምፒውተሩም መንገር ያስፈልጋል፤ አለበለዚያ ምስሉ በጎኑ ይወድቃል። ሴቲንግ መክፈት፣ ሁለተኛውን ስክሪን መምረጥ፣ አቅጣጫውን መቀየር፣ «ለውጡ ይጽና?» ብሎ ሲጠይቅ ቶሎ እሺ ማለት። ካልፈጠኑ ወደነበረበት ይመለሳል። እኔ ይህን ስመላለስበት እውላለሁ። አክስቴ ብቻዋን ስትሆን ግን ጨርሶ አይሆንላትም። አንድ ቀን ከትምህርት ስመለስ ራሷን ትከሻዋ ላይ ጥላ ዜና ስታይ አገኘኋት።

«እትዬ፣ ምን ሆነሽ ነው?»

«የናንተ ሳይንስ ነዋ! አንገቴን ሊቀጨው ነው። ትራስ አምጪልኝና ተኝቼ ልየው።»

አፈርኩ። ቤቷ አኑራ የምታስተምረኝ ሴት አንገቷን አጣማ ዜና ስታይ ዝም ብዬ ማየት አልቻልኩም። በዚያው ሰሞን ክፍል ውስጥ ስክሪፕት መጻፍ ጀምረን ነበር፤ በማውዝ ተራ በተራ የሚጫኑትን ነገር በጥቂት መስመር ጽፎ ኮምፒውተሩ ራሱ እንዲፈጽመው ማድረግ ማለት ነው። በትእዛዝ ብቻ ስክሪን የምታዞር አንዲት ትንሽ ነጻ ፕሮግራም ፈልጌ አገኘሁና ሁለት ስክሪፕት ጻፍኩ። አንዱን «ቁም»፣ ሌላውን «ተኛ» አልኳቸው። ጥቁሩ የትእዛዝ መስኮት ላይ ያንን ቃል በእንግሊዝኛ ፊደል ጽፎ ኢንተር መምታት ነው፤ ሌላ ነገር የለውም።

በመጀመሪያው ሙከራ የስክሪኖቹን ቁጥር አምታትቼ ዋናው ስክሪን ተገለበጠ። ቀጥሎ ትክክለኛው ዞረ፤ ግን ተዘቅዝቆ። አክስቴ እግሯን ለብ ባለ ውሃ ነክራ ሶፋው ላይ ሆና ታየኛለች።

«አሁን ደግሞ በአናቱ ቆመ! ተይው ልጄ፣ ነፍስ ቢኖረው ፖሊስ ይጠራብሽ ነበር።»

በመጨረሻ ተሳካ። ራሷ በአንድ ጣቷ ፊደሎቹን እየፈለገች «ተኛ» ብላ ጻፈች፤ ስክሪኑ ብልጭ ብሎ ምስሉ ሲዞርላት እልል አለች። በማግስቱ ሆቴሉ ውስጥ የሚሠሩ ሐበሾች በሙሉ ሰምተው ነበር።

ሙገሳው ጣመኝና ሌላ ነገር ጨመርኩበት።

አዲስ አበባ ያሉት የአክስቴና የአባቴ ታላቅ ወንድም ጋሽ ታደሰ ይባላሉ። አክስቴ «ወንድምጋሼ» ነው የምትላቸው። አባታቸው ቀድሞ ስለሞተ እሷንም አባቴንም ያሳደጓቸው እሳቸው ናቸው። በየሳምንቱ ዓርብ የልጅ ልጃቸው ቪዲዮ ታነሳቸውና የቤተሰቡ ገጽ ላይ ታወጣዋለች። ጋቢያቸውን ደርበው ሰፈሩ ውስጥ የሆነውን ሁሉ ለአክስቴ ይነግሯታል፤ ያሾፉባታል፤ መጨረሻ ላይ ይመርቋታል። አክስቴ ያንን ቪዲዮ በስልኳ አታየውም። «ወንድምጋሼን መዳፌ ውስጥ አላየውም፤ በትልቁ ነው» ትላለች።

ስለዚህ «ተኛ» ላይ ጥቂት መስመር ጨምሬ፣ ዓርብ ዓርብ ከሥራ ከመመለሷ በፊት ኮምፒውተሩ በራሱ ጊዜ ተነስቶ ምስሉን እንዲያጋድም፣ ከዚያ የቤተሰቡን ገጽ ከፍቶ የመጨረሻውን ልጥፍ በሙሉ ስክሪን እንዲያሳይ አደረግሁት። አክስቴ ገብታ ስክሪኑን በእጇ ዞር ታደርገዋለች፣ ጫማዋን ታወልቃለች፣ ትቀመጣለች። እኔ እዚያ መኖር አያስፈልገኝም። ያ ነበር ትልቁ ኩራቴ።

ሐሙስ ቀን ኮሌጁ ላይብረሪ ውስጥ ሳለሁ አባቴ ከአዲስ አበባ ደወለ። ድምፁን ስሰማ ሳይነግረኝ ብድግ አልኩ።

«ጋሼ ዐረፈ» አለኝ። «ድንገት ነው፤ ሌሊቱን። ለወይንሸት ግን አንዲት ቃል እንዳትወጣሽ። ለጋሽ መኮንን ነግሬያቸዋለሁ።»

ጋሽ መኮንን ጡረታ የወጡ የታክሲ ሹፌር ናቸው። የቤተ ክርስቲያናችን ሽማግሌ ስለሆኑ በኛ መሃል መርዶ ሲመጣ አስቀድሞ እሳቸው ጋ ይደርሳል፤ ማን፣ መቼ፣ ከማን ጋር ሄዶ እንደሚናገር የሚያደራጁት እሳቸው ናቸው። ብዙም ሳይቆዩ ደወሉልኝ።

«ስሚኝ ልጄ፣ ነገ አይሆንም። ቄሱ ከከተማ ወጥተዋል፣ ሴቶቹም ሥራ ናቸው። ቅዳሜ ማለዳ ነው። የሌሊት ሺፍት ያሉት እንደወጡ በቀጥታ ይመጣሉ፤ የጠዋቶቹ ከአለቆቻቸው ፈቃድ ይጠይቃሉ። ሥራ ቦታ ሰናይት ትጠብቃታለች። ቤት አንቺ ነሽ።»

«እሺ ጋሽ መኮንን።»

«ፊትሽን ፈታ አድርጊው። ደግሞ ያ ኢንተርኔታችሁ! ስንቱን ሰው ብቻውን ገደለው መሰለሽ። ጠብቂልኝ።»

ስልኩን ዘግቼ የቤተሰቡን ገጽ ከፈትኩ። አባቴ ሁሉንም ሰው አስጠንቅቆ ነበር። አንድ ካናዳ የሚኖር ዘመዳችን ግን የጋሽ ታደሰን ፎቶ ከሻማ ጋር ለጥፎ «ነፍስዎን በገነት ያኑርልን» ብሎ ጽፏል። መልእክት ላክሁለት፤ ደወልኩለት፤ አያነሳም። ገጹን የምታስተዳድረው የልጅ ልጃቸው ደግሞ በዚያ ሰዓት ስልክ የምታይ ሰው አልነበረችም።

አክስቴ ሳትመጣ ቤት ገብቼ የመጀመሪያ ሥራዬ «ተኛ» የሚለውን ስክሪፕት መክፈት ነበር። ገጹን የሚከፍተውን መስመር አጠፋሁ። ሞከርኩት። ምስሉ ዞረ፤ ገጹ አልተከፈተም። ደግሜ ሞከርኩት። ኮምፒውተሩን ነቅዬ ብተወውስ ብዬም አስቤ ነበር፤ ነገር ግን ጨልሞ ካየችው ምን ነካው ብላ ሰው ትጠራለች፣ ከዚያም ጠዋት ሥራ ሳትገባ አዲስ አበባ ትደውላለች ብዬ ፈራሁ። «ኢንተርኔት አገር ቤት ተቋርጧል፣ ቪዲዮው አልወጣም» እላታለሁ አልኩ። ይህ ማንም የሚያምነው ነገር ነው።

ያ ምሽት አላልቅ አለኝ። አክስቴ ለፋሲካ አገር ቤት ልትሄድ ስላሰበች ለወንድሟ የምትወስደውን ጫማ እያማረጠች ነበር።

«እግሩ ስለሚያብጥ ሰፋ ያለ ይሻላል፣ አይደል? ነይ እስቲ እዪው።»

አየሁት። ጥሩ ነው አልኩ። ወደ ማድ ቤት ሄድኩ። ተመለስኩ። ውሃ ጠጣሁ። እንደገና ሄድኩ።

«ምን ሆነሻል እንደ ቁንጫ የምትዘዪው?»

«ፈተና አለብኝ እትዬ።»

«ፈተና ያለበት ሰው መጽሐፍ ይከፍታል እንጂ ፍሪጅ አይከፍትም።»

ሳቀች። እኔም ሳቅሁ። በሕይወቴ እንደዚያ ያለ ሳቅ ስቄ አላውቅም።

ዓርብ ጠዋት እሷ ሥራ ከሄደች በኋላ ስክሪኑን አቁሜ የቤት ሥራዬን ጨረስኩ፤ ከዚያ ትምህርት ቤት ሄድኩ። ከሰዓት ላብራቶሪ ነበረን። አንድ ልጅ ኮዱን ያስተካከለ ቢሆንም ስህተቱ አልጠፋ ብሎት አስተማሪውን ጠራው። አስተማሪው ጎንበስ ብሎ አየና «ያስተካከልከው የትኛውን ኮፒ ነው? የሚሠራውስ የትኛው ነው?» አለው።

እጄን ከኪቦርዱ ላይ አነሳሁ።

ስክሪፕቱ ዓርብ ዓርብ በራሱ እንዲነሳ ሳደርግ፣ ዴስክቶፕ ላይ ያለውን ፋይል አላገኘሁም ብሎ አስቸግሮኝ ነበር። ስለዚህ ኮፒ አድርጌ ሌላ ፎልደር ውስጥ አስቀመጥኩና እሱን እንዲያስነሳ አዘዝኩት። ሐሙስ ያስተካከልኩት ዴስክቶፑ ላይ ያለውን ነው። ዛሬ በራሱ የሚነሳው ግን ያ ሌላኛው ነው። እሱ ውስጥ ገጹን የሚከፍተው መስመር እንዳለ አለ።

ቦርሳዬን አንስቼ ወጣሁ። አውቶቡስ ማቆሚያው ጋ እየሮጥኩ ለሰናይት ደወልኩ። አክስቴን የሆነ ቦታ እንድታቆይልኝ ልነግራት ነበር።

«ሰናይት…»

«ሰናይት እየነዳች ነው» አለች አክስቴ። ስልኩ በመኪናው ስፒከር ነበር። «ምነው የኔ እናት? ክፍል አይደለሽም እንዴ?»

ያገኘሁትን ተናገርኩ።

«እትዬ… ሱቅ ጎራ ብላችሁ እንቁላል ትገዙልኛላችሁ?»



«ዛሬ ዓርብ መሆኑን ረሳሽው?» አለች አክስቴ። «በጾም ቀን እንቁላል ምን ልታደርጊው ነው? ሰማሽ ሰናይት፣ ይቺ ልጅ ኮሌጅ ገብታ ሃይማኖቷን ልትጥል ነው!»

ሰናይት የሆነ ነገር ገባት። «ኧረ እኔም ዘይት አልቆብኛል፤ ጎራ እንበል ወይንዬ» አለች።

«ምን ዘይት? ትናንት አብረን ገዝተን! ንጂ ባክሽ፣ ወንድምጋሼ ይጠብቀኛል።»

ስልኩን እንዴት እንደዘጋሁት አላስታውስም።

አውቶቡሱ በየመብራቱ ቆመ። ባዶ ወንበር እያለ ቆሜ ነበር፤ ሹፌሩ በመስታወቱ አይቶኝ ተቀመጪ አለኝ። ተቀመጥኩ። ደግሞ ተነሳሁ። ሰናይት በአጭር መልእክት ጻፈችልኝ፦ «አውርጃታለሁ። ልጄን ከትምህርት ቤት ማምጣት ስላለብኝ ነው። ምንድን ነው ነገሩ?» አልመለስኩላትም። ከአውቶቡሱ ወርጄ እስከ ቤት በሩጫ ሄድኩ።

በሩ አልተቆለፈም። አክስቴ የሆቴሉን ዩኒፎርም እንደለበሰች፣ ቦርሳዋ ትከሻዋ ላይ እንደተንጠለጠለ፣ ስክሪኑ ፊት ቆማለች።

ጠዋት ስክሪኑን እንዳቆምኩት ነበር የወጣሁት። ስክሪፕቱ ደግሞ ሰዓቱን ጠብቆ ምስሉን አጋድሞታል። አክስቴ እንደወትሮዋ ስክሪኑን በእጇ አላዞረችውም። ስለዚህ ጋሽ ታደሰ ጋቢያቸውን እንደደረቡ በጎናቸው ተጋድመው ነበር፤ ሻማውም አብሯቸው ተጋድሟል። አክስቴ አንገቷን አላጣመመችም። ቀጥ ብላ ነው የምታያቸው።

«እትዬ» አልኩ። 

«አስተካክይልኝ» አለች።

እጄን ወደ ስክሪኑ ሰደድኩ።

«እሱን አይደለም። እሱ እንደቆመ ይሁን። ወንድምጋሼን ቀና አድርጊልኝ።»

ትእዛዙን ስጽፍ ጣቶቼ ፊደል ሳቱ። አጥፍቼ እንደገና ጻፍኩ። ስክሪኑ ጠቆረና ተመለሰ፤ ጋሽ ታደሰ ከአናታቸው እስከ ጉልበታቸው ቆመው መጡ። ረጅም ሰው ነበሩ። አክስቴ ከንፈሯን እያንቀሳቀሰች ከሥር የተጻፈውን አነበበች።

«መቼ ነው?»

«ሌሊቱን… ለሐሙስ አጥቢያ ነው። ድንገት።»

«አልተሰቃየም?»

«አባዬ አልተሰቃየም ነው ያለኝ።»

ራሷን ነቀነቀች። «በቃ፤ አጥፊው» አለች።

አጠፋሁት። ማልቀስ የጀመርኩት እኔ ነኝ። እሷ ቦርሳዋን ወንበር ላይ አስቀመጠችና አፌን በእጇ ያዘችኝ።

«ዝም በይ፤ ግድግዳው ስስ ነው፣ ጎረቤት ይሰማል። እነማን ናቸው የሚመጡት?»

«ጋሽ መኮንን፣ ቄሱ… ሁሉም። ነገ ማለዳ። አሁን ልጥራቸው እትዬ? አሁኑኑ ይመጣሉ።»

«እንዳትጠሪ!»

የተቆጣች መሰለኝ። ግን ቁጣ አልነበረም። ሶፋው ጫፍ ላይ ተቀመጠችና እኔንም ሳበችኝ።

«እናታችን ስትሞት እዚህ አገር ከገባሁ ገና ነበር» አለች። «ሐበሻ እንደዛሬው ብዙ አልነበረም። ሆቴል ስልክ ተደውሎ አለቃዬ ጠራችኝ፤ አንሶላ የሚቀመጥበት ክፍል ውስጥ ቆሜ ሰማሁ። ከዚያ ስልኩን መለስኩና የቀሩኝን ክፍሎች ጨረስኩ። እናቴን የሰው አልጋ እያነጠፍኩ ነው ያለቀስኳት። ማንም አልያዘኝም። ማንም አልመጣም። ከዚያ ወዲህ ይኸው፣ እስከ ዛሬ፣ ያለቀስኩላት አይመስለኝም።»

እጄን ጨብጣ ያዘችኝ።

«ስለዚህ እኔ አላየሁም። ገባሽ? ምንም አላየሁም። ነገ ሲመጡ እሰማለሁ።»

በዚያ ዓይነት ሁኔታ አንድ ሰው ምን እንደሚያደርግ አላውቅም ነበር። አክስቴ ተነሳችና ሽሮ ሠራች። «ብዪ ሲሉኝ በልቻለሁ እንድል» አለች። ፀጉሯን ታጠበች። ሳሎኑን ልትጠርግ መጥረጊያ አነሳችና መሃል ላይ ቆመች።

«ቤቱ በጣም ከጸዳ ይጠረጥራሉ?»

«አላውቅም እትዬ።»

«ቆሽሾ ከቆየ ደግሞ ለቀስተኛ ምን ይለኛል?» አሰበችና ግማሹን ጠረገች፤ ጋዜጦቹን እንዳሉ ተወቻቸው። የሚያስቅ ነገር ነበር፤ ግን ማናችንም አልሳቅንም።

ፀሐይ ሳትጠልቅ ጋሽ መኮንን ደወሉ። አክስቴ ፊት ለፊቴ ተቀምጣለች።

«እንዴት ነች? ጠረጠረች?»

አየኋት። አየችኝ።

«አይ፣ ደህና ናት ጋሽ መኮንን። ምንም አላወቀችም።»

«ጎበዝ! አንቺ ልጅ ትልቅ ሰው ይወጣሻል።»

ስልኩን ዘጋሁ። ሰውን ዋሽቼ እንደዚያ ተመስግኜ አላውቅም። አክስቴ ግን ፊቷን ወደ መስኮቱ አዙራ ነበር። አታለቅስም። ያ ነው ይበልጥ ያስፈራኝ። ነገ ሲነግሯት ልታለቅስ ትችላለች? እንባው ከዚህ ቀን ወዲያ ባይመጣስ? ሽማግሌዎቹ ፊት ደርቃ ብትቆምስ? እኔ ለቅሶዋን አሳጥቻት ይሆን፣ በእናቷ የደረሰውን ደግሜባት ይሆን እያልኩ ስገላበጥ አነጋሁት።

ገና ጎህ ሲቀድ መኪኖች መጡ። አንድ፣ ሁለት፣ ከዚያ ብዙ። በመስኮት አየሁ። ከሌሊት ሺፍት የወጡት ልብሳቸውን አልቀየሩም። አንዱ፣ ካዚኖ ውስጥ ካርታ የሚያድለው ዲለር፣ ጥቁር ሰደርያውን እንደለበሰ ነው፤ የእንግዶችን መኪና የሚያቆመው ቫሌት ልጅ ስሙ ደረቱ ላይ ተለጥፏል። ሴቶቹ ከዩኒፎርማቸው በላይ ነጠላ ጣል አድርገዋል። ሰናይት ከሁሉም ኋላ ናት፤ ዓይኗ አብጧል። ጋሽ መኮንን ሱፍ ለብሰው ከቄሱ ጋር ከፊት ናቸው። እንቅልፍ ያላዩ ሰዎች በሙሉ ድምፅ ሳያሰሙ ደረጃውን ወጡ።

በሩን ልከፍት ስሄድ አክስቴ ቀደመችኝ። የሥራ ልብሷን ለብሳ ነበር፤ እንደማንኛውም ቅዳሜ ሥራ ልትሄድ የተነሳች ሰው መስላ።

«ምነው በማለዳው? ደህና ናችሁ?» አለች።

«ደህና ነን ወይንሸት፤ ደህና ነን» አሉ ጋሽ መኮንን። «ቁጭ በይ። እኛም እንቀመጥ።»

ሁሉም ገቡ፤ ሳሎኗ ሞላች። ማንም አልተቀመጠም። ጋሽ መኮንን ሰው ሁሉ ይህን መንገድ እንደሚሄድ፣ የእግዚአብሔርን ሥራ ማንም እንደማይከራከር ተናገሩ። ረጅም ነበር። አክስቴን አያለሁ፤ ፊቷ እንደ ዓርቡ ነው።

«እንግዲህ ወይንሸት፣ ወንድምሽ ታደሰ…»

ስሙን ብቻ ነው የጠሩት። ከአክስቴ የወጣው ድምፅ ግን እስከ ዛሬ ጆሮዬ ውስጥ አለ። «ወንድምጋሼ!» ብላ ወደ ፊት ወደቀች፤ ያ ሰደርያ የለበሰው ዲለርና ሰናይት ያዟት። ሴቶቹ ተቀባበሉት። በአንድ ጊዜ ቤቱ አለቀሰ። ጎረቤታችን ሜክሲኮዊቷ ሴት በሌሊት ልብሷ ወጥታ በሩ ላይ ቆመች፤ ቋንቋውን ሳታውቀው አለቀሰች። አክስቴ ደረቷን ስትመታ እጇን ያዙባት፤ ስትወድቅ አነሷት። «እናቴ!» ስትልም ሰማኋት። የወንድሟን ስም ከእናቷ ጋር እያፈራረቀች ነበር የምትጠራው። ከኔ በቀር ለምን እንደሆነ ያወቀ አልነበረም።

በሦስተኛው ቀን ሰው ቤቱን ሞልቶ ተቀምጦ ሳለ ጋሽ መኮንን ዙሪያቸውን አዩና «በዚህ ዘመን እንዲህ ያለ መርዶ ማን አይቶ ያውቃል!» አሉ። «ስልክ አልቀደመን፣ ኢንተርኔት አልቀደመን!» ወደ እኔ ጠቆሙ። «ይቺ ልጅ ናት ሰፈሩን የጠበቀችው።»

አንገቴን ደፋሁ።

«እውነት ነው ጋሽዬ» አለች አክስቴ ከፍራሹ ላይ። ድምፅዋ ዘግቷል። «እናንተ ባትመጡ ማን ያረዳኝ ነበር?»

ውሸት አልነበረም። እሷም እኔም እናውቃለን።

ይህን ለመጻፍ አርባው ካለፈ በኋላ አስፈቅጃታለሁ። «ጻፊው» አለችኝ፤ «ጋሽ መኮንን ካነበቡት ግን መልሱን የምትሰጪው ራስሽ ነሽ።»

ጋሽ መኮንን አሁን መርዶ ሲመጣ ቀድመው የሚደውሉት ለእኔ ነው። ማን ምን እንደለጠፈ ፈልጌ አገኛለሁ፤ እየደወልኩ፣ እየለመንኩ አስነሳለሁ። ሁልጊዜ አይሳካልኝም። ከጥቂት ሳምንት በፊት እዚሁ አጠገባችን ሄንደርሰን የምትኖር አንዲት ሴት እናቷ ዐርፋባት ነበር። አንዱን ፎቶ አስነሳሁ፤ ሌላው ምን ያህል ሰው ጋ እንደደረሰ ግን አላውቅም። ለጋሽ መኮንን እንደዚያው ነገርኳቸው። «እንግዲህ እንሂድ» አሉ። በማለዳ እኔም አብሬያቸው ሄጄ ከሽማግሌዎቹ ኋላ ደጃፏ ላይ ቆምኩ።

ድሮ ቢሆን የማስበው ታውቅ ይሆን ብዬ ነበር። አሁን ግን ብታውቅስ፣ የምታለቅሰው ከሰው ጋር ነው እላለሁ። ያም ሆኖ እግሬን እያቀያየርኩ ነው የምቆመው። ጋሽ መኮንን ሊያንኳኩ እጃቸውን አነሱ።

ሳያንኳኩ፣ ከውስጥ ወደ በሩ የሚመጣ የእግር ኮቴ ሰማሁ።